«ዲስኩር» ስድብ ነውን?

በቅርቡ የአንድ ብሎክ ነዋሪዎች ስለ ውሃ ወረፋ ለመነጋገር ተሰብስበው ነበር። አንድ ወጣት የኮሚቴ አባል ሐሳቡን በሰፊው ሲያብራራ፣ ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት «ልጄ፣ ዲስኩሩን ተወውና ወደ ውሃው ግባልን» አሉት። ወጣቱ ተሰደብኩ ብሎ ቁጭ አለ። ሌሎች ደግሞ «ዲስኩር ማለት ንግግር ነው፤ ምን ስድብ አለው?» ብለው ተከራከሩ። ስብሰባው ስለ ውሃው ምንም ሳይወስን ተበተነ። ከዚያ ወዲህ የቃሉን ትርጉም እንድንጽፍ ከሁለቱም ወገን ተጠይቀናል። አባቶች «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ስለሚሉ እኛም ከሥሩ እንጀምር።

«ዲስኩር» የአማርኛም የግዕዝም ሥር የለውም። ድምፁም ትርጉሙም ወደ ፈረንሳይኛ ይመራናል፤ በዚያ ቋንቋ «ዲስኩር» ተብሎ የሚነገረው ቃል በሕዝብ ፊት የሚደረግ ንግግር ማለት ነው። የጣሊያንኛው ዘመዱ «ዲስኮርሶ» ነውና ከእርሱ ቢወሰድ ኖሮ መጨረሻው «ሶ» በሆነ ነበር። እስከ ጣሊያን ወረራ ድረስ በአገራችን ዘመናዊ ትምህርት የቀመሰ ሰው በብዛት የሚያውቀው የውጭ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። የጅቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ ጣቢያው ያገኘው «ለገሃር» የሚለው ስምም ከዚያው ቋንቋ የመጣ ነው። ፈረንሳይኛው በበኩሉ ቃሉን ያገኘው ከላቲን ሲሆን የጥንት ፍቺው «ወዲያና ወዲህ መሮጥ» ነው። ያ አባት ይህን ቢሰሙ ሳይስቁ አይቀሩም።

አማርኛ የእንግዳውን ቃል ተቀብሎ እንደ ራሱ ግሥ አረባው፤ ደሰኮረ፣ ይደሰኩራል፣ ደስኳሪ እንላለን። «ፖለቲካ» ከሚለው ቃል «ፖተለከ» እንደተባለው ማለት ነው። ቀልድና ፌዝ የገባው በዚህ በኩል ይመስለናል። «ዲስኩር አደረጉ» ሲባል አክብሮት አለው፤ «ይደሰኩራል» ሲባል ግን ሰውዬው ብዙ ተናግሮ ጥቂት አለ ማለት ነው። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ በየቀበሌው ስብሰባ ረጅም ንግግር ሲሰሙ የዋሉ ሰዎች ይህን ፌዝ በደንብ ያውቁታል።

ዲስኩር ሁሉ ግን ባዶ አይደለም። አፄ ኃይለ ሥላሴ በስደት ላይ ሆነው ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት የተናገሩት በአማርኛ ነበር። የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያቋርጧቸው ቢሞክሩም ንግግሩ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል።

ጎረቤቶቻችንም የየራሳቸው ቃል አላቸው። ኬንያውያን በስዋሂሊ «ሆቱባ»፣ ሶማሌዎች «ኹድባ» ይላሉ። ሁለቱም የተገኙት ከዐረብኛው «ኹጥባ» ሲሆን፣ ሙስሊም ወገኖቻችን በየዓርቡ በመስጊድ የሚሰሙት ስብከት ስም ነው። ስለዚህ በጎረቤቶቻችን ዘንድ የክብር ንግግር ስሙን ያገኘው ከዐረብኛ ነው።

የእኛው ነባር ቃል «ንግግር» ነው። ሥሩ «ነገር» በግዕዝም በአማርኛም ይገኛል። በአማርኛ ነገር ማለት ቃልም፣ ጉዳይም፣ ሙግትም ነው። ልብ ልንለው የሚገባን ግን ሌላ ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን ቆሞ የሚያሰማው «ንግግር» ይባላል፤ ሁለት ወገኖች ለመስማማት ሲቀመጡም «ንግግር ጀመሩ» ይባላል። ቃሉ መናገርንም መነጋገርንም ይዟል። ዲስኩር ግን አንዱ ሲናገር ሌላው የሚያዳምጠው ብቻ ነው።

እንግዲህ ለጥያቄው መልሳችን ይህ ነው። ዲስኩር ስድብ አይደለም፤ ነገር ግን የሌላውን ሰው ንግግር በዚህ ስም የሚጠራ ፌዝ ሊሆንበት እንደሚችል ይወቅ። «ልጄ፣ አሳጥርልን» ቢባል ማንም አይቀየምም። ተናጋሪውም ሰው ሊመልስለት ተራ እንደሚጠብቅ አይርሳ። ፊደል አልቆጠርኩም ብለው በስብሰባ ዝም የሚሉ እናቶችና አባቶችም ይናገሩ። ጥሩ ተናጋሪን «አንደበተ ርቱዕ» እንለዋለን፤ አንደበቱ የቀና ማለት ነው። ቃሉ ቀና መናገርን እንጂ ረጅም መናገርን አይጠይቅም።

ያ ብሎክ ስለ ውሃው ገና አልወሰነም። በሚቀጥለው ስብሰባ ንግግር እንዲሆንላችሁ እንመኛለን።