በረዶው እየሳሳ መንገዱ ለምን ይዘጋል?

ስልካችሁን አውጡና ካርታ ክፈቱ። ካናዳን ፈልጉ፤ ከዚያ ወደ ላይ፣ ወደ ሰሜን ውጡ። መሬቱ እየተበጣጠሰ ደሴት በደሴት ወደሚሆንበት ስትደርሱ ኪንግ ዊሊያም የምትባል አንዲት ዝቅ ያለች ደሴት ታገኛላችሁ። ሰሞኑን እሷን ሳይ ሳይ ቆይቼ ነገሩ ድንገት ግልጽ አለልኝ። ከዚያ ወዲህ ለሰው ሳልናገር መቀመጥ አልቻልኩም። የሸራ ጀልባ አይታችሁ ባታውቁም ችግር የለውም፤ አብረን ከዜሮ እንጀምራለን። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው።)

በ1845 ሰር ጆን ፍራንክሊን የሚባል እንግሊዛዊ ኤሬበስና ቴረር የተባሉ ሁለት መርከቦች ይዞ ተነሳ። የሚፈልገው ከአትላንቲክ ወደ ፓስፊክ በሰሜን አሜሪካ አናት ላይ የሚያሻግር የባሕር መንገድ ነው። መርከቦቹ የዋዛ አልነበሩም፤ ፊታቸው በብረት ተለብጧል፣ የእንፋሎት ሞተር ተገጥሞላቸዋል፣ የዓመታት ስንቅ ጭነዋል። በሴፕቴምበር 1846 ከዚህች ደሴት በስተሰሜን ምዕራብ በረዶ ያዛቸው። እንደያዛቸውም ቀረ። 129 ሰዎች አለቁ፤ አንድም ሰው ወደ አገሩ አልተመለሰም።

በ1903 ደግሞ ሮአልድ አሙንድሰን የተባለ ኖርዌያዊ ስድስት ጓደኞቹን ይዞ መጣ። ጀልባው ጆአ 21 ሜትር ብቻ ናት፤ ያውም ያረጀች የዓሣ ማጥመጃ። እሷ አለፈች! በ1906 አላስካ ደረሰች፤ መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በመጓዝ የመጀመሪያዋ ሆነች። ደሴቲቱ ያችው ናት፣ ብርዱም ያው። ትልቁ ልዩነት ይህ ነው፦ ፍራንክሊን በደሴቲቱ ምዕራብ በኩል ሄደ፣ አሙንድሰን በምሥራቅ በኩል ዞረ።

እንዴት ነው አንዲት ደሴት በአንድ ጎኗ ገድላ በሌላው የምታሳልፈው? ይህን ለመረዳት መጀመሪያ በረዶውን መተዋወቅ አለብን።

የባሕር ውሃ ጨው ስላለበት በ0 ዲግሪ በረዶ አይሆንም፤ ከዜሮ በታች እስከ 1.8 ዲግሪ ድረስ መቀዝቀዝ አለበት። በረዶ ሲሆን ደግሞ ጨውን አይቀበልም፤ ውሃው ለብቻው ይጠጥርና ጨውን ወደ ታች፣ ወደ ባሕሩ ይገፋዋል። ሳያመልጥ የቀረው ጨው በረዶው ውስጥ በጥቃቅን ኪሶች ታስሮ ይቆያል። የአንድ ዓመት በረዶ በእነዚህ ኪሶች የተበሳሳ ስለሆነ ደካማ ነው፤ ውፍረቱም ቢበዛ 2 ሜትር ገደማ ነው። ሞቃቱን ወራት ተርፎ ዓመት ሁለት ዓመት የጨመረ በረዶ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ኪሶቹ ውስጥ የነበረው ጨው ሙቀቱ በመጣ ቁጥር ቀስ በቀስ ወርዶ ያልቃል፣ ቀዳዳው ይደፈናል፣ ውፍረቱ ሦስት አራት ሜትር ይደርሳል፣ መልኩም ወደ ሰማያዊ ያደላል። ኢኑይቶች፣ የአገሩ ሰዎች፣ ከዚህ አሮጌ በረዶ ቆርሰው አቅልጠው ይጠጡታል። አስቡት እስቲ! ከጨው ባሕር ላይ የሚጠጣ ውሃ! ለጀልባ ግን ከዚህ የከፋ ጠላት የለም፤ የዓመቱ በረዶ ሲገፉት ይሰነጠቃል፣ አሮጌው ግን ድንጋይ ነው።

ታዲያ አሮጌው በረዶ የት ነው የሚኖረው? ነፋሱና የባሕሩ ጅረት እየገፉ ወደ ካናዳ ሰሜናዊ ደሴቶችና ወደ ግሪንላንድ ጠረፍ ይወስዱታል፤ እዚያ ተከምሮ ይኖራል። ከክምሩ የተላቀቀው በደሴቶቹ መሀል እየሾለከ ወደ ደቡብ ይወርዳል። አሁን ካርታው ላይ ማክሊንቶክ ሰርጥ የሚለውን ፈልጉና በጣታችሁ ከላይ ወደ ታች ተከተሉት። ጣታችሁ የት አረፈ? ኪንግ ዊሊያም ደሴት ሰሜን ምዕራብ ጠረፍ ላይ!

ገባችሁ? ደሴቲቱ ከሰሜን የሚመጣውን አሮጌ በረዶ በምዕራብ ጎኗ ትቀበለዋለች፤ እዚያ ይጋጫል፣ ይቆለላል፣ ዓመቱን ሙሉ ላይቀልጥ ይችላል። ከጀርባዋ፣ በምሥራቅ በኩል፣ ያለው በረዶ ግን እዚያው በቅሎ እዚያው የሚጠፋ የአንድ ዓመት በረዶ ነው፤ ሙቀት ሲመጣ ይቀልጣል። ፍራንክሊን በቀጥታ የበረዶው መውረጃ ውስጥ ነው የገባው። አሙንድሰን በደሴቲቱ ጀርባ ተከልሎ አለፈ። እኔ ይህን ሳይ ከወንበሬ ነው የተነሳሁት።

ፍራንክሊን ለምን በምሥራቅ አልዞረም ትሉ ይሆናል። ካርታው ደሴቲቱን ከዋናው መሬት ጋር አጋጥሞ ስለሚያሳይ ነው፤ በምሥራቅ በኩል መውጫ የሌለው ይመስል ነበር። ውሃው እንደሚያልፍ ጆን ሬይ የተባለ ስኮትላንዳዊ ያየው በ1854 ነው፤ ሰርጡም ዛሬ በስሙ ይጠራል። አገሬው ኢኑይት ያን ምድር በእግሩና በውሻ ተሳቢው የሚያውቀው ነው። የፍራንክሊን መርከቦች በ2014 እና በ2016 ከባሕር ሥር ሲገኙ እንኳ ፈላጊዎቹን ወደ ትክክለኛው ቦታ ከመሯቸው ነገሮች አንዱ ከአያት ወደ ልጅ ሲወርድ የቆየው የኢኑይቶች ወሬ ነው። 129 ሰው ያለቀው መልሱን የሚያውቁ ሰዎች በሚኖሩበት አገር መሆኑ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

የጀልባዋ ትንሽነትስ ምን ጠቀመ? የበረዶ ብዙው ክፍል፣ ከአሥር እጁ ዘጠኙ ገደማ፣ ውሃ ውስጥ ነው ያለው። ወደ ታች 10 ሜትር የሚወርድ ትልቅ በረዶ 3 ሜትር ጥልቀት ወዳለው ውሃ መግባት አይችልም፤ መሬት ነክቶ ይቆማል። ትንሽ የሸራ ጀልባ ግን 2 ሜትር ውሃ ይበቃታል። ስለዚህ በረዶው ሲመጣባት ወደ ዳር፣ ወደ መሬቱ ጥግ ትሸሻለች፤ ያ አስፈሪ በረዶ ከውጭ መሬት ይዞ ሲቆም ራሱ አጥር ይሆንላታል! ትልቁ መርከብ የሚሸሸው ጥልቀት የሌለው ውሃ ለትንሿ መጠለያዋ ነው።

በነጻ ግን አይደለም። ጆአ በ1903 ወደ ደቡብ ስትወርድ ከውሃ በታች ያለ ድንጋይ ላይ ወጥታ ተቀምጣለች፤ ያስለቀቋት መርከቧ ላይ የተጫነውን የስንቅ ሣጥን ወደ ባሕር እየወረወሩ ነው። ኮምፓስም እዚያ አገር አይታመንም። መርፌው የሚያመለክተው የምድር ማግኔት ሰሜናዊ ዋልታ በ1831 ሲገኝ የተገኘው ከደሴቲቱ አጠገብ፣ ቡቲያ ባሕረ ገብ መሬት ላይ ነው፤ በዚያ አካባቢ መርፌው ወደፊት ከማመልከት ይልቅ ወደ ታች ነው የሚሳበው።

እስካሁን የድሮውን ነው ያየነው። ወደ ዛሬ እንምጣ፤ የኔን ጭንቅላት ያዞረው እዚህ ላይ ነው።

ሳተላይት መለካት ከጀመረበት ከ1979 ወዲህ የአርክቲክ በረዶ በሴፕቴምበር የሚኖረው ስፋት በየአሥር ዓመቱ በ12 ከመቶ ገደማ እየቀነሰ ሄዷል። ሴፕቴምበርን የመረጡት በረዶው የዓመቱ ትንሹ መጠን ላይ የሚደርሰው ያኔ፣ እኛ እንቁጣጣሽን በምናከብርበት ሰሞን፣ ስለሆነ ነው። በ2012 ወደ 3.4 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ወርዶ ነበር። ጀልባዎቹም መጡ። በ1977 ቤልጂጋዊው ዊሊ ደ ሮስ በ13 ሜትር ጀልባ መንገዱን በአንድ ወቅት ሲጨርሰው ተአምር ነበር፤ በ2011 ማት ራዘርፎርድ የተባለ አሜሪካዊ 8 ሜትር ገደማ በሆነች አሮጌ ጀልባ ብቻውን አለፈበት። ስምንት ሜትር! የሁለት ሚኒባስ ርዝመት እንኳ የላትም።

እንግዲህ ማንም ሰው የሚያስበው፣ በረዶው ከቀነሰ መንገዱ በየዓመቱ እየሰፋ ይሄዳል ብሎ ነው። እኔም እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ። ግን አይደለም።

ወፍጮ ቤት ቆማችሁ ታውቃላችሁ? እህሉ ከላይ በሰፊው አፍ ይገባል፣ ታች እየጠበበ ወደ ድንጋዩ ይወርዳል። እህሉ እርጥብ ሲሆን፣ ቀዳዳው ከአንዷ ፍሬ በብዙ እጥፍ እየሰፋ፣ መውረዱ ቀጥ ይላል። ምን ሆኖ ነው? ፍሬዎቹ እርስ በርስ ተደጋግፈው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ቅስት ሠርተዋል። ከላይ ያለው ክብደት ሲጫናቸው ይበልጥ ይጣበቃሉ እንጂ አይወርዱም። ባለወፍጮው በእንጨት ጎኑን ኳ ሲያደርገው ግን አንዷ ትስታለች፤ ወዲያው የተከማቸው ሁሉ ግር ብሎ ይወርዳል።

በሰሜኑ ደሴቶች መሀል ባሉት ጠባብ ሰርጦች የሚሆነውም ልክ ይኸው ነው! ብርዱ ሲበረታ በረዶው ከዳር እስከ ዳር ተደጋግፎ ይቆለፋል፤ ከበስተኋላው ያለው አሮጌ በረዶ ሁሉ እዚያ ይታገዳል። ድሮ ይህ መቆለፊያ የዓመቱን ብዙ ወር ይጸና ነበር። አሁን ውቅያኖሱ ሲሞቅ መቆለፊያው ይሳሳል፤ ቀድሞ ይሰበራል፣ ዘግይቶ ይቆለፋል። የመጨረሻው የአሮጌ በረዶ ክምችት ደግሞ የት ነው ብለን ነበር? እዚያው፣ ከመቆለፊያው ጀርባ! ስለዚህ ሙቀቱ በረዶውን በጠቅላላ ሲቀንሰው፣ የቀረውን ድንጋይ የመሰለ በረዶ ደግሞ ወደ ጀልባዎቹ መንገድ ይለቀዋል። በ2024 የወጣ አንድ ጥናት ከ2007 እስከ 2021 ያለውን ጊዜ መርምሮ፣ በመንገዱ በርካታ ክፍሎች መርከብ በደህና የሚያልፍበት ወቅት ማጠሩን አሳይቷል። አጠረ! በዚያው ዘመን የአርክቲክ በረዶ በጠቅላላው እያነሰ!

በኦገስት 2018 ይህ ነገር በሰው ላይ ደርሷል። በዚሁ መንገድ ላይ ባለው ጠባብ ቤሎ ሰርጥ አጠገብ አንዲት የሸራ ጀልባ በረዶ ጨምቋት ሰጠመች። ሁለቱ ተጓዦች በረዶው ላይ ወጥተው ቆዩ፤ የካናዳ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ሄሊኮፕተር ደርሶ አነሳቸው።

ስለዚህ ዛሬ ወደዚያ የሚሄድ ባለጀልባ ብዙውን ጊዜውን የሚያጠፋው በረዶ በማንበብ ነው። ነፋሱን ይቆጥራል፤ ተንሳፋፊ በረዶ የሚሄደው በነፋሱ ፍጥነት 2 ከመቶ ገደማ ነው። ትንሽ ይመስላል አይደል? በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በረዶውን በአንድ ቀንና ሌሊት 19 ኪሎ ሜትር ይወስደዋል። ቤሎ ሰርጥ ግን ወርዱ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው! ማታ ክፍት የነበረ ሰርጥ ጠዋት ሊዘጋ ይችላል ማለት ነው። በዚያ ላይ በረዶው ነፋሱን ቀጥ ብሎ አይከተልም፤ ምድር ስለምትዞር ወደ ቀኝ ፈንጠር ይላል። ይህን በ1890ዎቹ ናንሰን የተባለ ኖርዌያዊ አሳሽ ከመርከቡ ሆኖ አስተውሎታል። ደመናውንም ያያሉ፤ ከአድማስ ማዶ በረዶ ካለ የደመናው ሆድ ነጣ ብሎ ያበራል፣ ክፍት ውሃ ካለ ይጠቁራል። ገና ያልደረሱበትን ባሕር ሰማይ ላይ ያነቡታል!

ከሁሉ በላይ ግን የካናዳ የበረዶ አገልግሎት የሚያወጣው ካርታ አለ። ባሕሩ በቀለም ተከፋፍሏል፤ አረንጓዴው ከአሥር እጅ ከአንድ እስከ ሦስት እጁ በረዶ የሆነ ውሃ ነው፣ ቀዩ ዘጠኝና አሥር። ትናንሽ ጀልባዎች አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት እጅ በላይ አይደፍሩም። በየቦታው ደግሞ እንቁላል ቅርጽ ያለው ምልክት ተሥሎ ውስጡ ቁጥሮች ተደርድረዋል። የላይኛው ረድፍ የበረዶውን መጠን ከአሥር ይናገራል፤ ሁለተኛው ያ መጠን በየዓይነቱ እንዴት እንደተከፋፈለ፤ ሦስተኛው የበረዶውን ዕድሜ፤ አራተኛው የስባሪውን ስፋት። ሦስተኛው ረድፍ ላይ 7 ብቻውን ከተጻፈ ከ30 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር የሆነ ስስ የአንድ ዓመት በረዶ ነው። 7 ሆኖ አጠገቡ ነጥብ ካለ ግን አሮጌ በረዶ ነው። አንዲት ነጥብ! ፍራንክሊንን የያዘው በረዶና ሙቀት ሲመጣ የሚቀልጠው በረዶ ካርታው ላይ የሚለዩት በአንዲት ነጥብ ነው።

ካርታው ለማንም ክፍት ነው፤ በመርከቦቹ ወቅት በየዕለቱ ይታደሳል። ከምሥራቅ የሚመጡት ጀልባዎች በመንገዱ ምሥራቃዊ መግቢያ፣ በላንካስተር ሳውንድ አካባቢ መልሕቅ ጥለው፣ ወደ ኪንግ ዊሊያም ደሴት የሚያወርደው ፒል ሳውንድ እስኪከፈት በየቀኑ ያዩታል፤ ሳይከፈት ሴፕቴምበር ከገባ ብዙዎቹ ወደ ግሪንላንድ ይመለሳሉ። በሚቀጥለው ነሐሴ እናንተም ክፈቱትና ፒል ሳውንድ ላይ ያለውን እንቁላል ፈልጉ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ 7 ካያችሁ አጉሉት፣ ነጥቡ መኖር አለመኖሩን እዩና ደውሉልኝ።