ሎጂክ በወልድያ፣ መንጢቅ በሀብሩ

ወልድያ ዩኒቨርሲቲ የገባ የአንደኛ ዓመት ተማሪ፣ ልቡ ሕክምና ላይ ይሁን ምሕንድስና ላይ፣ ፍልስፍናን ሳይነካ አያልፍም። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በየዩኒቨርሲቲው ለፍሬሽማን የሚሰጥ «ሎጂክ ኤንድ ክሪቲካል ቲንኪንግ» የሚባል ኮርስ አለ፤ ተማሪው አሳጥሮ «ሎጂክ» ይለዋል። ኋላ መርሳ ካምፓስ ወርዶ ግብርና የሚያጠናውም መጀመሪያ በዚሁ በር ያልፋል። በእንግሊዝኛ የተጻፈው ሞጁል ስድስት ምዕራፍ አለው። ፍልስፍና ምንድን ነው ብሎ ይጀምራል፤ ስለ ሙግት መነሻና መደምደሚያ፣ ስለ ብያኔ፣ ስለ ፋላሲ፣ ማለትም ስለ ሙግት ስህተት፣ ያስተምራል፤ «ሁሉም» እና «አንዳንዱ» በሚሉ ዐረፍተ ነገሮች ቅርፅ ይጨርሳል።

ብዙው ተማሪ የፋላሲዎቹን የላቲን ስም ሸምድዶ ፈተናውን ያልፋል። ያሳዝናል፤ ትምህርቱ ያለው ገበያ ላይ ነውና። «የመርሳ ማንጎ ሁሉ ጣፋጭ ነው» የሚለውን እንቀበል እንበል። አንድ ነጋዴ ወልድያ ላይ አንዱን ማንጎ ቆርጦ ያቀምስና «ጣፋጭ ነው አይደል? እንግዲያው የመርሳ ነው» ይላል። ገዢው ራሱን ነቅንቆ ይከፍላል። መነሻዎቹ ሁለቱም እውነት ቢሆኑ እንኳ መደምደሚያው አይከተልም። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር የመርሳን ማንጎ ከጣፋጮች መሐል አስገባው እንጂ ጣፋጩን ሁሉ የመርሳ አላደረገውም። የትኛው ሙግት ይቆማል፣ የትኛው ይወድቃል የሚለውን በሥርዓት የመረመረው አርስቶትል ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዘመን።

ይኸው አርስቶትል ወደዚህ አገር የመጣበት ሌላ፣ ከሞጁሉ እጅግ የቀደመ መንገድ አለ።

በወሎ፣ በሀብሩ ወረዳ ዳና የሚባል ስፍራ አለ። በ19ኛው መቶ ዘመን ዳንዩል አወል በሚለው ማዕረጋቸው የሚታወቁት ሸህ አህመድ ኢብን አደም ያቀኑት የዕውቀትና የዱዓ ቦታ ነው። ወሎ እንዲህ ያሉ ስፍራዎች ሞልተውታል፤ ጌታ፣ ጀማ ንጉሥ፣ ሾንኬ ይጠቀሳሉ። ተማሪው፣ ማለትም ደረሳው፣ ቁርኣን ከቀራ በኋላ ወደ ኪታብ ይሻገራል፤ የሃይማኖቱ ሕግ ፊቅህ፣ ከዚያ የዓረብኛው ሰዋስው ነህው፣ ኋላም የቁርኣን ትርጓሜው ተፍሲር። ደወል የለ፣ ሴሚስተር የለ። ኪታቡን ይዞ ሸኹ ፊት ይቀመጥና ጥቂት መስመር በዓረብኛ ያነባል፤ ሸኹ በአማርኛ ይፈቱለታል፤ ተራ የሚጠብቁት ያዳምጣሉ። ስለዚህ የራሱን ኪታብ የሚቀራ ደረሳ የሌሎቹንም በጆሮው ይለቃቅማል። አንዱን ዘርፍ ሲጨርስ በሌላው ዘርፍ ስማቸው ወደተጠራ ሸህ ስንቁን ይዞ ይሄዳል።

መንጢቅ፣ ማለትም ሎጂክ በዓረብኛ ስሙ፣ ሩቅ ለሚዘልቁት ነው። ከመሣሪያ ዕውቀቶች ይመደባል፤ ማለትም ለራሱ ሳይሆን ሌላውን ለመረዳት የሚቀራ ነው። በሙስሊሙ ዓለም እጅግ የተሰራጨው መማሪያው «ሱለም» ሲሆን፣ በ16ኛው መቶ ዘመን የአልጄሪያው አብዱረህማን አል-አኽዶሪ በግጥም ጻፈው። ግጥም የሆነው በቃል እንዲያዝ ነው፤ 150 መስመር እንኳ አይሞላም። ደራሲው ያኔ የ21 ዓመት ወጣት ነበር፤ ስህተት ከተገኘበት በዕድሜው ምክንያት እንዲያልፉለት እዚያው ግጥሙ ውስጥ ይለምናል። ውስጡ ሲገባ ጂንስ (ወገን)፣ ነውዕ (ዓይነት)፣ ፈስል (መለያ)፣ ኻሷ (ልዩ ባሕርይ)፣ ዐረድ (አጋጣሚ ባሕርይ) የሚሉ አምስት መደቦች ይገኛሉ። ሰው በጂንሱ እንስሳ ነው፤ በፈስሉ አሳቢ። ወልድያ ያለው ፍሬሽማን በሦስተኛው ምዕራፍ ስለ ብያኔ የሚማረው ይህንኑ ነው። አምስቱ መደቦች በ3ኛው መቶ ዘመን የኖረው ፖርፊሪ ለአርስቶትል ከጻፈው መግቢያ የወጡ ናቸው፤ ባግዳድ የዕውቀት ማዕከል በነበረችበት ዘመን ወደ ዓረብኛ ገቡ።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ «ሱለም» ገና ሲጀምር መንጢቅ መማር ይፈቀዳል ወይ ብሎ መጠየቁ ነው። ከከለከሉት አንዱ ኢማም ነወዊ ናቸው። እኒህ ሰው ተራ ሰው አይደሉም፤ የሻፊዒዩ ፊቅህ ትልቅ ኪታብ የ«ሚንሃጅ» ባለቤት ናቸው። በሌላ ወገን ኢማም ገዛሊ መንጢቅ ያላወቀ ሰው ዕውቀቱ አይታመንም ብለዋል። አኽዶሪ ከመሐል ይቆማል፤ አእምሮው ለበሰለና ቁርኣንና ሐዲስ ላወቀ ይፈቀዳል ይላል። ይህን ያህል ክርክር የተካሄደበትን ትምህርት በዩኒቨርሲቲ በሦስት ክሬዲት እንገላገለዋለን።

በደጋው በኩል ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት አገር ዋድላ አለ፤ የቅኔው ዋድላ። ከባለ ሁለት ቤቱ ቅኔ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስ የሚደርሰው ተማሪ በሰምና ወርቅ የሚለማመደው አንዱን ነገር በሁለት ፊት መያዝን ነው። ይህ ራሱን የቻለ ትልቅ ርዕስ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም። ይሁንና በግዕዙ በኩልም የግሪክ ጥበብ በዓረብኛ ዞሮ እንደመጣ «አንጋረ ፈላስፋ» የተባለው መጽሐፍ ይመሰክራል፤ በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ከዓረብኛ የተተረጎመ ነው። ይህንንና መሰል የግዕዝ መጻሕፍትን «የኢትዮጵያ ፍልስፍና» ብሎ በአምስት ቅጽ ያሳተመው ካናዳዊው ክላውድ ሰምነር ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ያስተምር ነበር። የዘርዐ ያዕቆብ የሚባለውን የግዕዝ የፍልስፍና ድርሰት «ሐተታ»ን ኢጣሊያዊው ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 የሚሲዮናዊ ሥራ ነው ብሎ ሲጥለው፣ የለም ኢትዮጵያዊ ነው ብሎ የተሟገተውም ሰምነር ነው። ሙግቱ ዛሬም አልበረደም።

የወሎን ኪታብ ቤቶች ከውጭ ቆሞ፣ በታሪክ ተመራማሪ ዓይን ያየልን ደግሞ ፕሮፌሰር ሁሴን አህመድ ነው፤ በ19ኛው መቶ ዘመን ወሎ ስለነበረው እስልምና የጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2001 ታትሟል። ሃይማኖትን ማጥናት ለሚፈልግ የወልድያ ተማሪ እሱን እንዲያነብ፣ ከዚያም ዳና ወርዶ እንዲያዳምጥ እመክራለሁ። አንዱ የሌላውን ቦታ አይሸፍንም።

ሲያዳምጥ አንድ ነገር መጠየቁ አይቀርም። ሞጁሉ ከሚዘረዝራቸው ፋላሲዎች አንዱ በመስኩ ያልበቃን ሰው እንደ ምስክር መጥራት ነው። ኪታብ ቤት ግን ሁሉ ነገር «እከሌ ከእከሌ እንደተቀበለው» እየተባለ ነው የሚነገረው። ለሰነፍ ፍሬሽማን ይህ ፋላሲ ይመስለዋል። ሸኹ ለደረሳው የሚሰጡት የማስተማር ፈቃድ፣ ኢጃዛው፣ ግን ይህን ኪታብ ከማን እንደቀሩት፣ እሳቸው የቀሩባቸው ሸህም ከማን እንደቀሩት በስም ይቆጥራል፤ ሞጁሉ «ምስክሩ በመስኩ በቅቷል ወይ?» ብሎ ለሚጠይቀው ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ ነው። የማስተርስ ዲግሪ ያለው መምህርም ሰሌዳው ፊት የቆመው በእንዲህ ዓይነት ወረቀት ነው፤ ልዩነቱ የእሱ ወረቀት ላይ ያስተማሩት ሰዎች ስም አለመጻፉ ነው።