«ችግር የለም» የሚለው መልስ ስንት ያስከፍላል?

ከቦሌ እስከ ዱከም በዊልቸር፤ ያልተነካው የአንድ ቀን ሽርሽር ገበያ

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ዱከም የደረሰ ሰው ከተማዋ በምን እንደምትታወቅ መጠየቅ አያስፈልገውም። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በዚህች ከተማ፣ አሮጌውን የአዳማ መንገድ ግራና ቀኝ ይዘው የተደረደሩት ሥጋ ቤቶች ደጃፋቸው በመኪና ተሞልቶ፣ ሻኛውና ጎድኑ ተሰቅሎ፣ ቢላዋው ሲሳል ይታያል። አብዛኛው ደንበኛ ከመዲናዋ ቤተሰቡን ወይም ጓደኞቹን ይዞ የመጣ ነው። ከመኪናው የኋላ ወንበር ላይ ግን አንዳንድ ጊዜ እንደ ሌላው ዘሎ የማይወርድ ሰው ይኖራል፤ ጉልበታቸው የደከመ እናት፣ አንድ ጎናቸው አልታዘዝ ያላቸው አባት፣ ወይም ከውጭ አገር የመጣ በዊልቸር የሚንቀሳቀስ እንግዳ። ቤተሰቡ አስቀድሞ በስልክ ጠይቋል። የተሰጠው መልስም «ችግር የለም» የሚል ነበር። ሲደርስ ግን በሩ ላይ ሦስት ደረጃ ይጠብቀዋል።

በዚህን ጊዜ የሚሆነው ይታወቃል። አስተናጋጆች ይሮጣሉ፣ የመኪና ጠባቂው ይጠራል፣ አራት ጎረምሶች ዊልቸሩን ከነሰው አንስተው ያስገባሉ። ደግነቱ እውነተኛ ነው። ሆኖም ከብዙ ሰው ፊት እንደ ዕቃ መነሳት ለምሳ የወጣን ሰው አንገት ያስደፋል፤ የአንዱ እጅ ቢከዳም ጉዳቱ ቀላል አይሆንም። እንግዳው «መኪናው ውስጥ ልጠብቃችሁ» ካለ ደግሞ ቤተሰቡ በሙሉ መኪናውን አዙሮ ይመለሳል። ባለቤቱ ያጣው አንድ ደንበኛ ሳይሆን አንድ ገበታ ነው።

መርከቡና ወደቡ

ይህ ችግር በሌላው ዓለም ራሱን የቻለ ሙያ ፈጥሯል። ሰፊው ልምድ የሚገኘው በመዝናኛ መርከቦች ንግድ ነው። መርከቡ ጧት ወደብ ይደርሳል፣ ተጓዦች ለጥቂት ሰዓታት ወርደው ከተማውን ይጎበኛሉ፣ ማታ መርከቡ ይነሳል። ከተጓዦቹ መካከል በዕድሜ የገፉ ብዙዎች ስለሆኑ፣ መራመድ የሚቸግረው ሰው በየብስ ላይ የሚያሳልፈው ቀን አስቀድሞ በደቂቃና በሴንቲ ሜትር ይሰላል።

ከዚህ ልምድ የሚወጡት ሕጎች ጥቂት ናቸው። የመጀመሪያው መርከቡ የሚቆምበትን ሁኔታ ማወቅ ነው። መርከቡ ከወደቡ ግንብ ጋር ከተጠጋ በዊልቸር መውረድ ይቻላል። ከባሕሩ መካከል መልሕቁን ጥሎ ተጓዡን በትንንሽ ጀልባ የሚያመላልስ ከሆነ ግን፣ ከባድ ዊልቸር ያለው ሰው ጨርሶ ላይወርድ ይችላል። ሁለተኛው፣ መርከቡ ራሱ ያዘጋጀው ጉብኝት ቢዘገይ መርከቡ አብዛኛውን ጊዜ ይጠብቃል፤ በግሉ ወጥቶ የዘገየን ግን ትቶት ይሄዳል። ሦስተኛው፣ «ተስማሚ ነው» የሚለው ቃል ብቻውን አይታመንም። የደረጃው ቁጥር፣ የበሩ ስፋትና የመጸዳጃ ቤቱ ዓይነት ተለይቶ ይጠየቃል።

ኢትዮጵያ የባሕር ወደብ የላትም። የአየር ወደብ ግን አላት። እ.ኤ.አ. በ2019 የማስፋፊያ ሥራው የተመረቀው የቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ በዓመት እስከ 22 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ ታስቦ የተሠራ ሲሆን፣ ከመንገደኞቹ ብዙዎቹ ወደ ሌላ አገር የሚያልፉ ናቸው። በሁለት በረራ መካከል ሰፊ ጊዜ ያለው መንገደኛ ከመርከብ ተጓዡ የሚለየው መጓጓዣው ብቻ ነው። እሱንም አውሮፕላኑ አይጠብቀውም።

ሰዓቱን ከኋላ መቁጠር

አንድ በዊልቸር የሚንቀሳቀስ መንገደኛ ከጧቱ 1 ሰዓት ቦሌ ደርሶ ከቀኑ 9 ሰዓት ቀጣይ በረራ አለው እንበል። ስምንት ሰዓት ሲባል ዱከም ደርሶ ለመመለስ የሚተርፍ ይመስላል። ሒሳቡ ግን ሌላ ነገር ይናገራል።

በዊልቸር የሚረዳ መንገደኛ እንደ ተለመደው ከአውሮፕላን የሚወርደው ከሁሉም በኋላ ነው። የኢሚግሬሽኑ ወረፋ ሲጨመር ለመውጫ አንድ ሰዓት ተኩል መያዝ ይገባል። ከበረራው ሦስት ሰዓት ቀድሞ መመለስ አለበት። የቃሊቲና የአቃቂ መንገድ በከባድ መኪና የሚጨናነቅ ስለሆነ ለመሄጃ አንድ ሰዓት፣ ለመመለሻ አንድ ሰዓት ይያዛል። ከዊልቸር ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ዊልቸር መሸጋገሩ ደግሞ በአንድ ጉዞ አራት ጊዜ ይደጋገማል፤ እያንዳንዱ ሩብ ሰዓት ቢወስድ በድምሩ አንድ ሰዓት ነው። ይህ ሁሉ ሲቀነስ ለምሳው የሚቀረው ግማሽ ሰዓት ብቻ ይሆናል። ሐቀኛ አስጎብኚ ይህን ጉዞ አይሸጥም። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ቅርብ ቦታ መርጦ ይሸጣል።

ቀጣዩ በረራ ከምሽቱ 1 ሰዓት ከሆነ ግን በዚያው ስሌት አራት ሰዓት ተኩል ይተርፋል። ዱከም ላይ ረጋ ብሎ ምሳ መብላት፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር አልፎም ቢሾፍቱ ላይ አንድ ሐይቅ ማየት ይቻላል። ሁለት ሐይቅ ግን አይቻልም። እያንዳንዱ ተጨማሪ ማረፊያ ሁለት ሽግግር ስለሚጨምር፣ በዚህ ገበያ ውስጥ ብዙ ቦታ ማሳየት የአገልግሎቱን ዋጋ ያወርደዋል እንጂ አያሳድገውም።

ረጅሙ መኪና ሁልጊዜ አይሻልም

በአስጎብኚዎች ዘንድ ለክቡር እንግዳ ላንድ ክሩዘር ማቅረብ የተለመደ ነው። ከዊልቸር ተነስቶ ለሚሸጋገር ሰው ግን የላንድ ክሩዘር ወንበር እጅግ ከፍ ያለ ነው። ወንበሩ ከዊልቸሩ ጋር የሚቀራረብ ተራ የቤት መኪና፣ በሩ በሰፊው የሚከፈትና ከፊት ወንበሩ ወደ ኋላ የሚገፋ ከሆነ፣ በብዙ እጥፍ ይሻላል። ታጣፊው ዊልቸር ከኋላ ይጫናል። የማይታጠፍ ባለ ባትሪ ዊልቸር ከሆነ ግን ጣሪያው ከፍ ያለ ሚኒባስና ጠንካራ መወጣጫ ያስፈልጋል። ስለዚህ የዊልቸሩ ክብደትና ስፋት ሳይታወቅ መኪና መመደብ፣ የእግር ቁጥር ሳይጠይቁ ጫማ እንደ መግዛት ነው።

በመንገድ ረገድ እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ ጉዞውን አለስልሶታል። ለወገብ ሕመምተኛ መንገጫገጭ መቀነሱ ራሱን የቻለ ጥቅም ነው። ፈተናው ያለው ከመኪናው ከወረዱ በኋላ ባሉት የመጨረሻ ሃያ ሜትሮች ላይ ነው። ጠጠር የፈሰሰበት ማቆሚያ፣ ክፍት የውኃ መውረጃ ቦይና ወጣ ገባ ኮብልስቶን የዊልቸሩን የፊት ጎማ ይይዛሉ። መኪናው ደጃፉ ድረስ ተጠግቶ እንዲያወርድ ቦታ ማስያዝ ምንም ወጪ የለውም፤ ጧት ላይ ለመኪና ጠባቂው መንገር ብቻ ይበቃል።

ደረጃና መጸዳጃ ቤት

አንድ ሰንሰለት የሚበጠሰው በደካማው ቀለበት በኩል ነው። መኪናው ተስማምቶ፣ በሩ ሰፍቶ፣ ጠረጴዛው ተመቻችቶ፣ መጸዳጃ ቤቱ ከጓሮ በኩል በሁለት ደረጃ የሚወጣበት ቁጢጥ የሚባልበት ዓይነት ከሆነ ሽርሽሩ በዚያው አበቃ። ይህን የሚያውቅ ተጓዥ ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይጠጣ ይውላል። በፀሐይ ደግሞ ይህ ጤና አይደለም። ስለዚህ ልምድ ያለው አዘጋጅ ዕቅዱን የሚጀምረው ከምሳው ሳይሆን ከመጸዳጃ ቤቱ ነው። ምሳ የሚበላበት ቤት የመቀመጫ ሽንት ቤት ከሌለው፣ በቅርብ ያለ ሆቴል አስቀድሞ ተጠይቆ በጉዞው መስመር ውስጥ ይገባል።

በመለኪያ ረገድ ጥቂት ቁጥሮች ይበቃሉ። የተለመደ ዊልቸር ወደ 65 ሴንቲ ሜትር ስፋት ስላለው፣ የበር ክፍተት ከ80 ሴንቲ ሜትር ባያንስ ይመረጣል። ራምፕ (ተዳፋት መወጣጫ) በዓለም አቀፍ ልማድ ለአንድ ሴንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ይሰጠዋል። 15 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው አንድ ደረጃ 1 ሜትር ከ80 ይፈልጋል፤ ሦስት ደረጃ ደግሞ 5 ሜትር ከ40። ባለ አንድ ደረጃ ቤት በብየዳ ቤት የተሠራች አንዲት የብረት መወጣጫ ትበቃዋለች። የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ባለባት ዱከም ብረትና በያጅ አይታጣም። ሦስት ደረጃ ላለው ቤት ግን ከግንባታ በፊት ማሰቡ ከግንባታ በኋላ ከማፍረስ ይረክሳል።

ዝቅተኛው በርጩማም መዘንጋት የለበትም። ዊልቸር ለማይጠቀሙ ነገር ግን ጉልበታቸው ለሚያማቸው አዛውንት፣ ከዱካ ላይ መነሳት ከደረጃ የባሰ ነው። መደገፊያና የእጅ ማሳረፊያ ያለው አንድ ወንበር ማስቀመጥ ለሥጋ ቤቱ ወጪ አይባልም።

ረቡዕ ወይስ ቅዳሜ?

የዱከም ገበያ የራሱ የቀን መቁጠሪያ አለው። ቅዳሜና እሑድ ሥጋው በዓይነት ይገኛል፤ ነገር ግን መተላለፊያው በወንበር ይዘጋል፣ መኪና ማቆሚያ ይጠፋል። ረቡዕና ዓርብ፣ እንዲሁም በዐቢይ ጾም ቦታው ጸጥ ይላል፤ ሆኖም ለሥጋ ብሎ የመጣ እንግዳ ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል። በሌሊት በረራ ደክሞ ለመጣ ሰው የሚሻለው ሰኞ፣ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ፣ ከምሳ ግፊያ በፊት ነው። ሆዱ ያልለመደ እንግዳ፣ በተለይም ከፊቱ የሰዓታት በረራ ያለበት፣ ቁርጡን ለሌሎች ትቶ ጥብሱን ቢያዝ ይመከራል።

ቢሾፍቱ ላይም ምርጫ ያስፈልጋል። የከተማዋ ሐይቆች አብዛኞቹ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኙ በመሆናቸው ዳርቻቸው ገደል ነው። የቢሾፍቱን ሐይቅ ከአፋፉ ላይ ተቀምጦ ማየት ይበቃል፤ ወደ ውኃው መውረድ በዊልቸር አይታሰብም። ጨለለቃ ግን ጥልቀት የሌለውና ሜዳ ላይ የተኛ ስለሆነ ወፎቹን ከመኪና ሳይወርዱ ማየት ይቻላል፤ ውኃው እንደ ወቅቱ ይሞላል፣ ይጎድላል። ሆራ አርሰዲ ላይ ኢሬቻ በሚከበርበት የመስከረም መጨረሻ እሑድ አካባቢ ሰውና መኪና መንገዱን ስለሚሞሉት፣ ሰዓት የሚጠብቀው መንገደኛ ያን ቀን ወደዚያ ባይሄድ ይሻላል።

ምን ይጠየቃል?

እዚህ ላይ ሻጩ የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። «ምን ሆነው ነው?» ብሎ ስለ ሕመሙ ይጠይቃል። አዘጋጁ ሐኪም ስላልሆነ ይህ መልስ አይጠቅመውም። የሚጠቅሙት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦

1ኛ/ አንድ ደረጃ ይወጣሉ? ስንት?
2ኛ/ ከዊልቸሩ ወደ መኪና ወንበር በራስዎ ይሸጋገራሉ ወይስ ሰው ይደግፍዎታል?
3ኛ/ ዊልቸሩ ይታጠፋል? ክብደቱና ስፋቱ ስንት ነው? ባትሪ አለው?
4ኛ/ ሳይደክምዎት ምን ያህል ጊዜ ይቀመጣሉ?
5ኛ/ ምን ዓይነት መጸዳጃ ቤት ያስፈልግዎታል?
6ኛ/ አብሮዎት የሚሆን ሰው አለ?

አየር መንገዶችም የዊልቸር አገልግሎት የሚከፋፍሉት በዚሁ መንገድ ነው። ረጅም መንገድ ብቻ የሚያቅተውን፣ ደረጃ መውጣት የማይችለውንና ከመቀመጫው ያለ ሰው እርዳታ የማይነሳውን ለይተው ይመዘግባሉ። አስጎብኚው ይህንኑ ልማድ ቢወስድ ከአየር ማረፊያው ጋር በአንድ ቋንቋ ይነጋገራል።

የአንዲት መወጣጫ ትርፍ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት ከባድ የአካል ጉዳት ያለባቸው ሰዎች 1.3 ቢሊዮን፣ ማለትም ከዓለም ሕዝብ ከስድስት አንዱ እንደሆኑ ገምቷል። ለዱከም ነጋዴ ግን ከዚህ የምትቀርበው ሌላ ስሌት ናት። አንድ ሥጋ ቤት አንድ አዛውንት ይዞ የመጣን ባለ አምስት ሰው ቤተሰብ በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ በደረጃው ምክንያት ቢያጣ፣ በዓመት የሚያጣው የ260 ሰው ምሳ ነው። መወጣጫዋ አንድ ጊዜ ትሠራለች፤ ኪሣራው ግን በየሳምንቱ ይደጋገማል።

ሕጉም ዝም አላለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ዊልቸር ለሚጠቀሙና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች አመቺ መግቢያ እንዲኖራቸው ደንግጎ ነበር። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 30 መዝናኛና ቱሪዝምን ከመብቶቹ ተርታ አስቀምጧል። ደንበኛው በሩ ላይ የሚያገኘው ግን አንቀጹን ሳይሆን ደረጃውን ነው።

ጉዳዩን ለአካባቢው አስቸኳይ የሚያደርገው ሌላም ምክንያት አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በቢሾፍቱ አቅራቢያ በአቡሴራ ለመገንባት የተነሳው አዲስ አየር ማረፊያ፣ ሁሉም ምዕራፍ ሲጠናቀቅ በዓመት 100 ሚሊዮን ያህል መንገደኛ እንዲያስተናግድ የታቀደ ነው። ያን ጊዜ ዱከም ከወደቡ የአንድ ሰዓት መንገድ መሆኗ ይቀርና ጎረቤት ትሆናለች። ከላይ የተቀመጠው የስምንት ሰዓት ሒሳብም ለእሷ ያደላል።

እስከዚያው ድረስ ገበያውን ለመጀመር ትልቅ ካፒታል አያስፈልግም። አንድ ባለ ሥጋ ቤት ሜትሩን ይዞ በሩን፣ ደረጃውንና መጸዳጃ ቤቱን ለክቶ ቁጥሩን ከስልኩ አጠገብ ቢለጥፍ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ስልኩ ሲደወል የሚሰጠው መልስ «ችግር የለም» ሳይሆን «አንድ ደረጃ አለን፣ መወጣጫ አለን፣ በራችን 85 ሴንቲ ሜትር ነው፣ የመቀመጫ ሽንት ቤት ግን የለንም» የሚል ይሆናል። ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገር የተነሳ ደንበኛው ሌላ ቤት ሊመርጥ ይችላል። ሐቁን የነገረውን ቤት ግን አይረሳም፤ መጸዳጃ ቤቱ የተሠራ ዕለት ቀድሞ የሚደውለው እዚያው ነው።