የሙያ ማኅበር በጋብቻ ምን አገባው?

የሙያ ማኅበር ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ዓመታዊ ስብሰባ፣ የአባልነት መዋጮና በግድግዳ ላይ የተሰቀለ የምስክር ወረቀት ነው። ሐኪሙ፣ ጠበቃው፣ አዋላጇ፣ ሁሉም የየራሱ ማኅበር አለው። ስለ ደመወዝና ስለ ሥልጠና ቢናገር ማንም አይቃወመውም። ማን ማንን፣ በስንት ዓመቱ ማግባት ይችላል የሚለው ነገር ሲነሳ ግን «ጋብቻ የቤተሰብ፣ የሃይማኖትና የመንግሥት ጉዳይ ነው፤ ማኅበሩን ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ለቀልድ ይመቻል እንጂ ቁም ነገር አለበት። አንዳንድ ማኅበራት ግን አገባን ብለው ተናግረዋል፤ ሕግም አስለውጠዋል። በምን ተማምነው ነው?

ከራሳችን አገር እንጀምር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 581 የጋብቻ ዕድሜን ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ዓመት አድርጎት ነበር። በአንቀጽ 635 ደግሞ የቤተሰቡ አስተዳዳሪ ባል ነው፤ ሚስት ትታዘዘዋለች ይላል። ከዚያ በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ ጸደቀ፤ በአንቀጽ 34 ባልና ሚስት በጋብቻው ዘመንም በፍቺም ጊዜ እኩል ናቸው አለ። ይሁን እንጂ የቤተሰብ ሕጉ ከዚያ በኋላም አምስት ዓመት ሳይነካ ቆየ። አንዱ ሕግ እኩል ናችሁ ይላል፣ ሌላው ታዘዢ ይላል።

በዚህ መሐል የገባው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዷና የመጀመሪያዋ ሥራ አስኪያጅ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ነበሩ (በኋላ ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑት ማለት ነው)። ማኅበሩ አቅም ለሌላቸው ሴቶች ነፃ የሕግ ምክር ይሰጥ ነበር፤ ባሕር ዳርን ጨምሮ በየከተማው ቅርንጫፍ ከፈተ። በእኔ አስተያየት የማኅበሩ ጉልበት ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው። የሚመጡት ሴቶች ባላቸው ንብረት ሸጦ ያባረራቸው፣ ያለ ፈቃዳቸው የተዳሩ፣ የተጠለፉ ናቸው። አንዲት ጠበቃ አንድ ባለጉዳይ ስታይ ጉዳዩ የዚያች ሴት ችግር ነው። ማኅበሩ ፋይሎቹን ሰብስቦ ጎን ለጎን ሲያስቀምጣቸው ግን ችግሩ የሕጉ ራሱ መሆኑ ይታያል። ስለዚህ አባላቱ የትኛው አንቀጽ ከሕገ መንግሥቱ ጋር እንደሚጋጭ እያሳዩ፣ የማሻሻያ ሐሳብ እያቀረቡ፣ ሕዝቡን እያወያዩ ገፉበት።

ሰኔ 27 ቀን 1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ወጣ። የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 ዓመት ሆነ፤ «ታዘዢ» የሚለው ቀረ። ሆኖም የቤተሰብ ሕግ ማውጣት የክልሎች ሥልጣን ስለሆነ አዋጁ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ብቻ ነበር። አማራ ክልል የራሱን የቤተሰብ ሕግ ያወጣው በአዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። ስለዚህ በ1993 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የ15 ዓመት ልጅ መዳር በአዲሱ ሕግ የተከለከለ ሲሆን፣ ደብረ ታቦር ላይ ገና አሮጌው ሕግ ነበር።

የጠለፋውም ነገር እንደዚሁ ነው። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የተጠለፈችው ሴት ጠላፊዋን ፈቅዳ አገባች ከተባለ ክሱ ይቀራል ይል ነበር። ሽማግሌ ልኮ ማስታረቅ የቀለለውም በዚሁ ሰበብ ነው። በአርሲ የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን ገድላ በተከሰሰች ጊዜ የማኅበሩ ጠበቆች ቆሙላት፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን ስትከላከል ነው ብሎ በነፃ አሰናበታት። «ድፍረት» የተባለው ፊልም የተሠራው በዚህ ጉዳይ ላይ ነው። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የወንጀል ሕግ ያንን መሹለኪያ ዘጋው፤ በአንቀጽ 648 ደግሞ ያለ ዕድሜዋ የምትዳረውን ልጅ ያገባ በእስራት እንዲቀጣ አደረገ።

ዋጋ አላስከፈለም ማለት ግን አይደለም። በ1993 ዓ.ም. ማብቂያ ገደማ ፍትሕ ሚኒስቴር ማኅበሩን ከሥልጣንህ አልፈሃል ብሎ አገደው፤ የባንክ ሒሳቡም ተዘጋ። እገዳው የተነሳው በ1994 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ አዲስ ሚኒስትር ከተሾሙ በኋላ ነው። ቀጥሎ አዋጅ ቁጥር 621/2001 መጣ። ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊ መብትና በጾታ እኩልነት ላይ እንዳይሠራ ከለከለ፤ ማኅበሩም ሥራውን እጅግ ለመቀነስ ተገደደ። ይህ አዋጅ የተሻረው በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው። እንግዲህ ምን አገባህ የሚለው ጥያቄ አንዳንዴ የሚጠየቀው በክርክር ሳይሆን በደብዳቤ ነው።

የሕግ ባለሙያ ስለ ሕግ መናገሩ እሺ፣ ሐኪምና የሥነ ልቦና ባለሙያስ? የዚህ ምሳሌ በደንብ የሚገኘው አሜሪካ ነው። እዚያ የተነሳው ጉዳይ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ነበር። በእኛ አገር ጋብቻ የሚፈጸመው በወንድና በሴት መካከል ነው፤ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 ያስቀጣል። አንባቢ የየራሱ አቋም ይኖረዋል፤ እዚህ የምንመለከተው ማኅበራቱ የሄዱበትን መንገድ ነው።

የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የተመሳሳይ ጾታ ፍላጎትን ለረጅም ጊዜ ከአእምሮ በሽታዎች ተራ ይመድበው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 አንድ አባል በማኅበሩ ጉባኤ ላይ ፊቱን በጭንብል ሸፍኖ፣ ድምፁን በመሣሪያ ለውጦ፣ እኔም ሐኪም ነኝ፣ እኔም እንደዚያ ነኝ ብሎ ተናገረ። ስሙን ቢገልጥ ሥራውን ያጣ ነበር። በ1973 የማኅበሩ ቦርድ ምደባውን ሰረዘው። ያልተስማሙ አባላት ድምፅ ይሰጥ ብለው ጠየቁ፤ በ1974 ከመራጮቹ 58 በመቶው የቦርዱን ውሳኔ ደገፉ። (ሳይንስ በድምፅ ብልጫ ይወሰናል ወይ የሚለው ክርክር እስካሁን ይነሳል፤ አይፈረድባቸውም።)

ወደ ጋብቻው የመጡት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የሥነ ልቦና ባለሙያዎቹ ማኅበር፣ በ2005 ደግሞ የአእምሮ ሐኪሞቹ ማኅበር የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች በሕግ እንዲጋቡ የሚደግፍ አቋም አወጡ። የሥነ ልቦና ባለሙያዎቹ ክርክር ማስረጃ ላይ የቆመ ነበር፦ የጥንዶቹ ኑሮና የሚያሳድጓቸው ልጆች ጤንነት ተጠንቷል፣ ከሌሎች የሚያንስ ነገር አልተገኘም፣ መገለሉ ራሱ ግን ይጎዳቸዋል የሚል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2015 ጉዳዩን ሲመረምር ማኅበራቱ ይህንኑ በጽሑፍ አቀረቡለት። ተቃዋሚዎችም ነበሩ፤ ማኅበሩ ከሳይንስ ወጥቶ ፖለቲካ ገባ ያሉ አባላት አልጠፉም።

እኛ ጋዜጠኝነት የምንማር ሰዎች «ባለሙያዎች እንደሚሉት» የምትለዋን ሐረግ እንወዳታለን። ግን ባለሙያው የሚናገረው በሥራው ያየውንና ያጠናውን ነው ወይስ እንደማንኛውም ዜጋ የሚያምንበትን? ሁለቱንም መናገር መብቱ ነው። በአንድ ዓይነት ፊደል ማተሙ ግን የእኛ ስንፍና ነው።

አሁን ወደ ደቡብ ጎንደር እንመለስ። አማራ ክልል ለብዙ ዘመን በአገሪቱ ሴት ልጅ በለጋ ዕድሜዋ ከምትዳርባቸው ክልሎች ዋነኛው ነበር። በየጥሩ ከጉና ግርጌ እስከ ጋይንትና ስማዳ ሰርግ ነው፤ ከሰርጉ በፊትም በክልላችን በብዙ ቦታ ልጅቷ ዕድሜዋ እንዲገመት ወደ ጤና ተቋም ትላካለች። ሕጉ 18 ካለ በኋላ 18 መሙላቷን የሚናገር ሰው ተፈልጎ የተገኘው ነርሷ ሆነች ማለት ነው። የጤና ባለሙያ በጋብቻ ምን አገባው ለሚል ሰው እዚህ ላይ መልሱ አጭር ነው፤ አስገብተውታል።

ችግሩ ሕክምና ይህን መመለስ አለመቻሉ ነው። ጥርስና ቁመት አይተው 17ን ከ18 የሚለዩበት መንገድ የለም። ከተማ ወርዳ የእጅ አጥንቷ በራጅ ቢታይ እንኳ ግምቱ እስከ ሁለት ዓመት ወዲህና ወዲያ ይላል። ነርሷ ግን የምትኖረው እዚያው ቀበሌ ነው፤ አባትየውን ገበያ ታገኘዋለች፣ ድግሱ ተጠምቋል፣ ጥሎሹ ተቆጥሯል። «አልደረሰችም» ብትል የእሷ ክፋት ይሆናል፤ «ደርሳለች» ብትል ወረቀቷ ለሰርጉ ፈቃድ ይሆናል። ይህንን «በሕክምና አይታወቅም፣ አትጠይቁን» ብሎ መናገር ያለበት ብቻዋን የቆመች ነርስ ሳትሆን ማኅበሯ ነው ባይ ነኝ፤ ልክ የጠበቆቹ ማኅበር ፋይሉን ሰብስቦ እንደተናገረው።

የሚሻለው ማስረጃ የልደት ምዝገባ ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ የተመዘገበች ሕፃን 18 ዓመት የሚሞላት በ2026 ዓ.ም. ነው።