ሕገ መንግሥትና የገበሬው መሬት

ሕገ መንግሥት ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታሰበን ስለ ሹማምንት ሥልጣንና ስለ ፍርድ ቤት የተጻፈ ሕግ ነው። ነገር ግን ሕገ መንግሥት እስከ ገበሬው ማሳ ድረስ ይዘልቃል፤ የአገር ሀብት በማን እጅ እንደሚሆን የሚወስነው እርሱ ነውና። ይህን ለመረዳት የአገራችንን መሬት ታሪክ እንመልከት።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ማንኛውም ሰው በሕግ መሠረት የንብረት ባለቤት እንዲሆንና በንብረቱም እንዲያዝበት ይፈቅድ ነበር። በዚያን ጊዜ በግል የተያዘ መሬት ሊሸጥ ይችል ነበር፤ ብዙ ገበሬ ግን በሰው መሬት ላይ ጭሰኛ ሆኖ ያርስ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ያ ሕገ መንግሥት ታገደ፤ በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅም የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ ጭሰኝነትም ቀረ።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥም ደነገገ። ገበሬው መሬት በነጻ የማግኘትና ከይዞታው ያለመነቀል መብት አለው። በመሬቱ ላይ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ የሠራውን ቤት ግን ሊሸጠውና ሊያወርሰው ይችላል።

«ይህ በተራ አዋጅ ቢጻፍ ምን ልዩነት አለው?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ልዩነቱ ትልቅ ነው። የቀረጥን ልክ ለመለወጥ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የድምፅ ብልጫ ይበቃል። አንቀጽ 40ን ለመለወጥ ግን የተወካዮች ምክር ቤትና የፌዴሬሽን ምክር ቤት እያንዳንዳቸው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ የክልል ምክር ቤቶችም ሁሉ በድምፅ ብልጫ ሊስማሙበት ይገባል። አንድ ክልል ብቻ እምቢ ቢል ነገሩ ይቀራል።

እንግዲህ ይህ ጽናት በሁለት ወገን ያከራክራል። አንደኛው ወገን፣ «ዝናብ በጠፋበት ዓመት የተቸገረ ገበሬ መሬቱን ለባለጸጋ ሸጦ ባዶ እጁን እንዳይቀር ይጠብቀዋል» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ «እርሻ ትቶ ወደ ንግድ ሊገባ የሚወድ ገበሬ መሬቱን ሸጦ መነሻ ገንዘብ እንዳያገኝ ያግደዋል» ይላል። ሁለቱም ስለዚያው ገበሬ ኑሮ ይናገራሉ።

ስለዚህ ሕገ መንግሥት የእርሻ ድንበርን ይመስላል፤ መንግሥት በየዓመቱ የሚዘራውን ይመርጣል፤ ድንበሩን ግን ብቻውን አይገፋም። ነገ ስለዚህ ድንበር ድምፅ የምንሰጠው እኛ ተማሪዎች ነንና፣ ከመከራከራችን በፊት አንቀጹን እናንብበው።