ከፀሐይ የመጣ መብራትም ያቃጥላል

በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት ብዙ ሕፃናትን የተቀበልኩት በኩራዝና በእጅ ባትሪ ብርሃን ነው። ስለዚህ ገዘር በሚገኘው የታላቅ እህቴ ቤት ጣሪያ ላይ ሶላር ሲሰቀል፣ ከእሷ ይበልጥ የተደሰትኩት እኔ ነበርኩ። የልጅ ልጆቿ ማታ ማታ በደህና ብርሃን ያጠናሉ፤ የኩራዝ ጭስም ከቤቱ ወጣ።

ደስታዬ ግን አንድ ሌሊት ተናጋ። ከጅንካ ልጠይቃት ሄጄ እዚያው ባደርኩበት ቀን፣ እኩለ ሌሊት ላይ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ቀሰቀሰኝ። ሽታው የሚመጣው ልጆቹ ከተኙበት ክፍል ነው። ባትሪው የተቀመጠው አልጋቸው ሥር ነበር። የአልጋው እግር ሽቦውን ሲጫነው ከርሞ ልባሱ ተልጧል፤ ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተው ኮንታክት ፈጥረዋል። የስፖንጅ ፍራሹ ጠርዝ መጨስ ጀምሯል። ልጆቹን አስወጣን፤ እጄን በደረቅ ጋቢ ጠቅልዬ ሽቦውን ከባትሪው ነቀልኩት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከፍራሹ በቀር የተጎዳ አልነበረም።

«እትዬ፣ ይህን ማን ነው የገጠመው?» አልኳት።

«አንድ ልጅ ነው። የፀሐይ መብራት አይነዝርም፣ አትፍሪ ብሎኛል» አለችኝ።

ልጁ አልዋሸም። ባለ 12 ቮልት ባትሪ በደረቅ እጅ ቢነካ አይነዝርም። ያልነገራት፣ አይነዝርም ማለት አያቃጥልም ማለት እንዳልሆነ ነው። ሁለቱ ሽቦዎች ከተነካኩ ባትሪው ያጠራቀመውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይለቃል፤ ቀጭን ሽቦ በጥቂት ሰከንዶች ይግላል። በእህቴ ቤት ከባትሪው እስከ አምፖሉ ድረስ አንድም ፊውዝ አልነበረም።

መጀመሪያ ወረቀትና እስክሪብቶ

በማግሥቱ ከጅንካ አንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ አስጠራሁ። ቱሪስት የሚጭኑ መኪኖችንም የሚሠራ ወጣት ነው። መፍቻውን ሳያወጣ፣ «ሲስተር፣ እስቲ ወረቀት ያምጡልኝ» አለ። በቤቱ ያለውን ዕቃ ሁሉ አስቆጠረን።

ባለ 5 ዋት ሦስት አምፖሎች በየቀኑ 5 ሰዓት ቢበሩ፣ 75 ዋት-ሰዓት ይሆናል። ባለ 20 ዋት ትንሽ ቴሌቪዥን 3 ሰዓት ቢታይ 60፤ ባለ 5 ዋት ሬዲዮ 4 ሰዓት ቢከፈት 20፤ ሦስት ስልኮችን ቻርጅ ለማድረግ 45 ያህል። ሲደመር 200 ዋት-ሰዓት መጣ።

በአሪ ደጋ ፀሐይ የማትወጣባቸው ቀናት አሉ። ስለዚህ ለሁለት ቀን የሚበቃ፣ ማለትም 400 እንያዝ አለ። የአሲድ ባትሪ ከግማሽ በላይ ደጋግሞ ከተራቆተ ቶሎ ይሞታል። በመሆኑም ባትሪው 800 መያዝ አለበት፤ ለ12 ሲካፈል 67 ይሆናል። ባለ 70 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ይበቃል ማለት ነው። ለዚህም ባለ 100 ዋት ሰሌዳ ቢሰቀል በደመናማ ቀንም ቢሆን ብዙ አያሳጣም።

ይህ ሒሳብ ገንዘብም ያድናል። ብዙዎቻችን ሻጩ የሰጠንን ይዘን እንመጣና፣ ባትሪው በዓመቱ ሲሞት ፀሐይን እንወቅሳለን።

ፊውዙ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው

ፊውዝ ቴሌቪዥኑን የሚጠብቅ ይመስለኝ ነበር። ባለሙያው አረመኝ፤ ፊውዝ የሚገጠመው ሽቦው እንዳይግል ነው። ስለዚህ ቦታው ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ አጠገብ ነው። ርቆ ከተገጠመ፣ በባትሪውና በፊውዙ መካከል ያለው ሽቦ ጠባቂ የለውም። በእህቴ ቤት ያሉት ዕቃዎች ሁሉ አንድ ላይ ቢሠሩ ከ5 አምፔር አያልፉም፤ ለመብራቱ መስመር 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦና ባለ 10 አምፔር ፊውዝ ተገጠመ። ፊውዝ ሲቃጠል በሽቦ ቁራጭ ወይም በሲጋራ ወረቀት ማገናኘት ግን ጠባቂውን አባሮ በሩን ክፍት መተው ነው።

ባትሪው ከመኝታ ክፍል ወጣ። የአሲድ ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል፤ ስለዚህ አየር በሚዘዋወርበት፣ ከምድጃና ከከሰል በራቀ፣ ልጅ በማይደርስበት ቦታ፣ ክዳን ባለው ግን አየር በሚያስገባ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ። ሽቦው በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ይለፍ፤ በናስትሮ ብቻ የተጠቀለለ መገጣጠሚያ ከቆርቆሮ ጋር አይነካካ። ሲገጠም መጀመሪያ ባትሪው፣ ቀጥሎ ሰሌዳው ከመቆጣጠሪያው ጋር ይገናኛል። ሲፈታ ደግሞ ሰሌዳው ይቀድማል።

ኢንቨርተር ካለ ነገሩ ይለወጣል። ኢንቨርተር የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 ስለሚያሳድግ፣ ከመብራት ኃይል መስመር እኩል ይገድላል። በባትሪው በኩልም ብዙ ይስባል፤ 300 ዋት ለማውጣት ከ25 አምፔር በላይ ይወስዳል። ለመብራት በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ ፈጽሞ አይቀጠልም።

መኪና ላይ ለሚገጥሙ

ባለሙያው እንደነገረኝ፣ ወደ ቱርሚና ኦሞራቴ ለሚወርዱ መኪኖች ማቀዝቀዣና የመኝታ መብራት የሚያንቀሳቅስ ሁለተኛ ባትሪ የሚያስገጥሙ አሉ። ልጆቻችሁ በዚህ ሥራ ካሉ አንድ ነገር ጠይቋቸው፤ ሁለቱን ባትሪዎች የሚያገናኘው ሽቦ በሁለቱም ጫፍ ፊውዝ አለው ወይ? ሁለቱም ባትሪዎች ኃይል ስለሚሰጡ አንድ ፊውዝ አይበቃም። በኮረኮንች መንገድ እንዳይንሸራተት ባትሪው በደንብ ይታሰር። ሽቦው በብረት ቀዳዳ የሚያልፍ ከሆነ ጎማ ይደረግለት፤ አለበለዚያ ንዝረቱ ልባሱን እየፋቀ ይጨርሰዋል።

አደጋ ከደረሰ

ይህ የእኔ ሙያ ነው። የባትሪ አሲድ ዓይን ውስጥ ከገባ፣ ወዲያው በሚፈስ ንጹሕ ውሃ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ዓይኑን ከፍቶ ማጠብና ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ነው። የተቃጠለ ቆዳም በቀዝቃዛ የሚፈስ ውሃ ለ20 ደቂቃ ይታጠብ። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ዱቄትና ጭቃ አይቀቡበት፤ በሥራ ዘመኔ ከቃጠሎው ይልቅ የተቀባው ነገር ያባባሰው ቁስል ብዙ አይቻለሁ። በ220 የተያዘን ሰው በእጅ አይንኩ፤ መጀመሪያ ኃይሉን ያጥፉ። ማጥፋት ካልተቻለ በደረቅ እንጨት ያላቁት። መተንፈስ ካቆመ የሰለጠነ ሰው ደረቱን መጫን ይጀምር። ራሱን ስቶ የነቃም ቢሆን ልቡ መታየት ስላለበት ሐኪም ቤት ይሂድ። በኤሌክትሪክ እሳት ላይ ውሃ አይድፉ፤ ኃይሉን አቋርጡና ደረቅ አፈር ይበትኑበት።

እህቴ አሁን በየወሩ መጀመሪያ ቅዳሜ ሳጥኑን ትከፍታለች። ዱቄት የመሰለ ነገር ጫፉ ላይ መኖሩን ታያለች፤ ሽቦውን በእጇ ዳብሳ የሚሞቅ ካለ ትደውልልኛለች። ባለፈው ደውላ፣ «ሲስተር፣ ዛሬም ቀዝቃዛ ነው» አለችኝ። የልጅ ልጆቿ ጥናት ላይ ነበሩ፤ ድምፃቸው በስልኩ ይሰማኝ ነበር።