አልቫር አልቶ በአለት ላይ ያቆመው የበጋ ቤት

ብዙ ፊንላንዳውያን ከሰኔ እስከ ነሐሴ በሚዘልቀው አጭር በጋቸው ከተማውን ትተው ሐይቅ ዳር ወዳለች ትንሽ ቤታቸው ይሄዳሉ። በአገሪቱ እንዲህ ያሉ ቤቶች ከግማሽ ሚሊዮን ይበልጣሉ። ስመ ጥሩው አርክቴክት አልቫር አልቶ ሙራትሳሎ ደሴት ላይ ለራሱና ለባለቤቱ ለኤሊሳ የሠራው ግን ለዕረፍት ብቻ አልታሰበም። መጠሪያውም «የሙከራ ቤት» ነው።

አልቶ ቦታውን ያገኘው በአቅራቢያው የሳይናትሳሎን ማዘጋጃ ቤት ሲያሠራ ነው። የበጋ ቤቱ ግንባታ እ.ኤ.አ. በ1952 ሲጀመር ደሴቲቱን ከየብስ የሚያገናኝ መንገድ ስላልነበረ በፓይያነ ሐይቅ ላይ በጀልባ ይመላለስ ነበር፤ ኋላም የሚመላለስባትን ጀልባ ራሱ ነደፈ።

ዳርቻው በጥድ የተሸፈነ ወጣ ገባ አለት ነው። አልቶ አለቱን ፈንቅሎ መሬቱን ከመደልደል ይልቅ ቤቱን ለአለቱ አስገዛ። ዋናው ቤት በጡብ ተገንብቶ ጠንካራው ቦታ ላይ ተቀመጠ። ከኋላው የእንግዳ ማረፊያውና ዕቃ ቤቱ በእንጨት ተሠርተው እንደ ጅራት ይከተሉታል። እዚያ ምሰሶ የት እንደሚቆም የወሰነው የድንጋዩ አቀማመጥ ነው።

የቤቱ ሁለት ክንፎችና ረጃጅም ግንቦች አንድ ግቢ ያቅፋሉ። ግንቡ ነፋሱን ይመክታል፤ ወደ ሐይቁ በኩል ግን ክፍት ነው። መሐሉ ላይ እሳት መንደጃ አለ፤ የሰሜኑ ምሽት በበጋም ይቀዘቅዛልና። በውጭ ነጭ የተቀባው ግንብ በግቢው በኩል በ50 ያህል መደብ ተከፍሎ ለሙከራ በልዩ ልዩ ጡብና ሸክላ ተለብጧል። በጡብ ውስጥ የሠረገ ውሃ በክረምት በረዶ ሲሆን ይሰፋል፤ ጡቡንም ይሰነጥቃል። የትኛው ጡብ፣ በምን ዓይነት አደራደር እንደሚጸና የሚታወቀው ውጭ ከርሞ ሲታይ ነው።

ሐይቁ ዳር ያለው ሳውና ጭስ ማውጫ የለውም፤ ድንጋዩ እስኪግል እንጨት ይነድና ጭሱ ከወጣ በኋላ ይገባበታል። ግንድ በአንድ ጫፉ ስለሚቀጥን፣ የግድግዳውን ግንዶች ወፍራም ጫፎች በአንድ ወገን በመደርደር ብቻ ጣሪያው ተዳፋት ሆኗል።

ሁሉም የታሰበው አልተሠራም፤ በፀሐይ ሙቀት ቤቱን የማሞቅ ሐሳብ ከወረቀት አላለፈም። ያም ሆኖ ለሙከራ የሚመቸው የራስ ቤት ነው፤ ማዘጋጃ ቤት የሕዝብ ገንዘብ ስለሚፈስበት፣ ያልተፈተነ ጡብ ሰንጥቆ ቢገኝ አርክቴክቱ በሕዝብ ፊት ይጠየቃል። እዚህ ግን ኪሳራው የራሱ ብቻ ስለነበር አልቶ እንዳሻው መሞከር ችሏል።